ዘር ቆጠራ ለጤና፦ የቤተሰባችንን የአእምሮ ጤና ታሪክ እንዴት እንጻፍ፣ ጽፈንስ ምን እናድርግበት

አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቷል። አቦሉ ላይ ጠየቅኳት። «በእናቴ ወገን አእምሮውን የታመመ ሰው ነበር ወይ?» አልኳት። ስኒዋን ረከቦቱ ላይ መለሰችና አየችኝ። «ምነው ልጄ፣ ሽማግሌ ተላከ እንዴ?» አለች። አልፈረድኩባትም። በእኛ አገር የሰው ዘር የሚጠየቀው ጋብቻ ሲመጣ ነው። ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ ለምጽ አለ ወይ፣ የሚጥል በሽታ አለ ወይ፣ ያበደ አለ ወይ ተብሎ በጎረቤት በኩል ይጣራል፣ የሚጠየቀው ቤት ደግሞ ያለውን ሁሉ አፍኖ ይይዛል። «የለም» አለችኝ። ቶናው ላይ «አንድ አጎት ነበር፣ እሱም ቢሆን መተት ነው» አለች። በረካው ሲደርስ ሦስት ሰው ቆጥራልኛለች።

የጠየቅኩት ዘግይቼ ነው። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለ ከሰው ተለየ፣ ምግብ ተወ፣ ቀኑን ሙሉ ተሸፋፍኖ መተኛት ጀመረ። ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ በደንብ ጠይቋል። «በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ህመም ነበር?» ሲል እናቴ ሳታመነታ «የለም» አለች። የድባቴ መድኃኒት ታዘዘለት። ጥቂት ሳምንት እንደቆየ ግን ሌላ ሰው ሆነ፤ አራት ሌሊት አልተኛም፣ ወሬው ማቆሚያ አጣ፣ ላፕቶፑንና ብርድ ልብሱን ለዶርም ልጆች አደለ። ባይፖላር፣ ማለትም ድባቴና ከልክ ያለፈ መነቃቃት የሚፈራረቁበት ህመም፣ መሆኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ባይፖላር ያለበት ሰው የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲወስድ አንዳንዴ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይወረወራል፤ ሐኪሞች የቤተሰብ ታሪክን አጥብቀው የሚጠይቁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አክስቴ «በመተት ነው» ያለችው አጎት ምን ሆኖ ነበር መሰላችሁ? ሦስት ሳምንት ያህል እንቅልፍ ሳያይ ከርሞ ሁለቱን የእርሻ በሬዎቹን ለመንገደኛ ሰጥቷል። ይህን ያን ቀን ሐኪሙ ቢሰማ ኖሮ ወንድሜን በሌላ ዓይን ያየው ነበር።

ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ የቤተሰብ የአእምሮ ጤና ታሪክ የሚሰፍርበትን ወረቀት እንዴት እንደምትሠሩና ከሠራችሁ በኋላ ቤታችሁ ውስጥ ምን እንደምትቀይሩበት ነው። አንድ ወረቀት፣ አንድ እርሳስና ሁለት ሦስት የቡና ቀን ይበቃል። እርሳስ ያልኩት መልሱ ስለሚቀያየር ነው።

መጀመሪያ፣ «በዘር ይመጣል» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል የአገራችን ሰው። ይስባል። ምን ያህል እንደሚስብ ደግሞ ለመለካት ተሞክሯል፤ መለኪያው መንታ ነው። ከአንድ እንቁላል የወጡ መንታዎች ዘረመላቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ከሁለት እንቁላል የወጡት ግን እንደማንኛውም እህትና ወንድም ግማሹን ያህል ብቻ ይጋራሉ። ሁለቱም ዓይነት መንታዎች የሚያድጉት በአንድ ቤት ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ከሁለተኞቹ ምን ያህል ይበልጥ እንደሚመሳሰሉ እየታየ የዘር ድርሻ ይሰላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የ50 ዓመት የመንታ ጥናቶች አንድ ላይ ተደምረው ታዩ። ከ14 ሚሊዮን በላይ ጥንድ መንታዎች ነበሩበት። በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት በአማካይ 49 ከመቶው ከዘር ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ባህርይም እዚያው አካባቢ ነው፤ ተጫዋችነት፣ ጭንቀታምነት፣ ሥርዓታምነት፣ ሁሉም ከ40 እስከ 50 ከመቶ ገደማ።

ከህመሞቹ መካከል ስኪዞፍሬኒያና (የሌለ ድምፅ መስማትና እውነት ያልሆነ ነገር አጥብቆ ማመን የሚታይበት ህመም ነው) ባይፖላር የዘር ድርሻቸው ከፍ ይላል፤ ስኪዞፍሬኒያ ወደ 80 ከመቶ ይጠጋል። ድባቴ ዝቅ ይላል፣ ከአንድ ሦስተኛ ትንሽ ከፍ ያለ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ተሳስቼ ነበር። 80 ከመቶ ማለት ልጃችሁ የመታመም ዕድሉ 80 ከመቶ ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው በብዙ ሕዝብ መካከል ስላለው ልዩነት ነው፣ ስለ አንድ ሰው ዕጣ አይደለም። አንድ ወላጁ ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ልጅ ራሱ የመታመም ዕድሉ ከመቶ አሥር አካባቢ ነው። በማንኛውም ሰው ላይ ደግሞ ከመቶ አንድ ገደማ። ከፍ ማለቱ እውነት ነው፣ ግን ከአሥሩ ልጆች ዘጠኙ አይታመሙም። ከአንድ እንቁላል ከወጡ መንታዎች አንዱ ቢታመም እንኳ ሌላው የሚታመመው ከግማሽ ባልበለጠው ጊዜ ነው። ያው ዘረመል፣ ያው እናት፣ ያው ቤት፣ እንዲያም ሆኖ አንዱ ደህና። ቀሪውን የሚወስነው ሰውየው የኖረው ኑሮና ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ የገጠመው ነገር ነው፣ ዝም ብሎ አጋጣሚም አለበት።

ስኳር ላይ እኮ ይህን እናውቃለን። «እኛ ቤት ስኳር አለ» ብለን ያለ ሀፍረት እንናገራለን፣ ሻይ ላይ ስኳር እንቀንሳለን፣ በዓመት አንዴ እንመረመራለን። የአእምሮ ህመም ላይ ግን ያው አፋችን ይዘጋል። የምለምናችሁ የስኳሩን ያህል እንድትናገሩ ነው።

ወረቀቱን መሥራት

ወረቀቱን አግድም ያዙት። ከላይ አያቶች፣ መሀል ላይ እናት፣ አባት፣ አክስትና አጎት፣ ከታች እናንተና እህት ወንድሞቻችሁ፣ ከዚያ በታች ልጆች። ወንዱን በሳጥን፣ ሴቷን በክብ። ሰባት ቤት አያስፈልግም፣ ሦስት ትውልድ ይበቃል። የእናትም የአባትም ወገን መግባት አለበት፤ የአባቴ ወገን ንጹሕ ነው ብላችሁ በእናት በኩል ብቻ አትሩጡ። በአንድ ወገን ብቻ የሚዛመዱ እህት ወንድሞችን ለዩ፣ በዘር የሚጋሩት ከሙሉ እህት ወንድም ግማሹን ነውና። በጉዲፈቻ ወይም በዘመድ ቤት ያደገ ልጅ ካለም ምልክት አድርጉበት፤ ክፍለ ሀገር ተወልዶ አዲስ አበባ አክስት ጋር ያደገው ልጅ ዘሩ ከአንድ ቤት፣ አስተዳደጉ ከሌላ ቤት ነው፤ ሁለቱንም ማወቅ ይጠቅማል።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፤ ዋናው ጥበብ ያለው እዚህ ነው። «ያበደ ሰው አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «የለም» ነው፣ ያውም በቁጣ። የአረጋውያንን ቋንቋ ተናገሩ። ለወራት ፀበል የተቀመጠ ነበር ወይ? ዛር አለባት ትባል የነበረች ሴት? ትምህርቱን እንደ ዘበት ጥሎ የተመለሰ? አራስ ቤት እያለች ልጇን አላቅፍም ያለች ወይም ያለ ምክንያት ስታለቅስ የከረመች? ከቤት ወጥቶ የጠፋ? ሳይተኛ ሰንብቶ ንብረቱን የበተነ? መጠጥ ያሸነፈው? አሟሟቱ የማይነገር? እኔ «በሬውን የሰጠው» የሚለውን ያገኘሁት «በጣም ለጋስ ሰው በቤታችን ነበር?» ብዬ ጠይቄ ነው።

አንድ ሰው ሲጠቀስ አራት ነገር ጻፉ። ስንት ዓመቱ ላይ ጀመረው? ምን ምልክት ታየበት? ምን አሻለው፣ ፀበልም ይሁን ሆስፒታል ወይም ወደ ገጠር መመለስ? ዘመድ የወሰደው መድኃኒት ስሙ ከታወቀ እሱንም ጻፉት፤ ለምሳሌ ሊትየም የሚባለው የባይፖላር መድኃኒት ለአንድ ሰው በደንብ ከሠራ ለቅርብ ዘመዱም ሊሠራ ስለሚችል ሐኪም ይፈልገዋል። አራተኛው ብዙዎች የሚረሱት ነው፦ ከመታመሙ በፊት ምን ገጥሞት ነበር?

ይህቺን አራተኛ ነጥብ ትንሽ ላስረዳ። አክስቴ ከቆጠረቻቸው ሦስት ሰዎች አንዱ በ1970 ዓ.ም. ታስሮ የወጣ ነው። የቀይ ሽብር ጊዜ ነው። ከእስር ወጥቶ ሰው እያየ ይሸሽ ነበር፣ በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር ይገባ ነበር። ቤተሰቡ ይህን ሰው ለሃምሳ ዓመት ያህል «የእኛ ዘር ዕብደት አለበት» ለማለት ሲያወራው ኖሯል። እንዲያ አይደለም። ያ ሰው የደረሰበት ነገር ማንንም ያሳምማል። በሬ የሰጠው አጎት ደግሞ ምንም ሳይነካው፣ በደህናው ዘመን፣ በ22 ዓመቱ ነው የጀመረው። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ቢጻፉም የሚነግሩን ነገር ለየቅል ነው። ጦርነት፣ ረሃብ፣ መፈናቀል፣ እናት በሕፃንነት ማጣት፣ ድብደባ፣ ሁሉንም ከጎኑ ጻፉ። ያለዚያ የዘመኑን በደል በዘር ላይ ታላክኩታላችሁ።

ወረቀቱ ሲያልቅ ፎቶ አንሱትና ቤት ውስጥ እምነት የሚጣልበት አንድ ሰው ይያዘው። የሟቾችን ምሥጢር ለሰፈር ለመበተን እንዳልሆነ ለአክስቶቻችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ቃላችሁንም ጠብቁ። ቃል የበላ ሰው ሁለተኛ አይነገረውም።

ማንበቡ

የቅርብ ዘመድ ይበልጣል። እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህትና ልጅ ከአጎትና ከአክስት የበለጠ ይመዝናሉ። የታመሙት ሰዎች ብዛትም፣ በወጣትነት መጀመሩም ክብደት አለው።

ህመሙ በአንድ ስም ብቻ እንዲመጣ አትጠብቁ። ተጋላጭነቱ በአንዱ ድባቴ፣ በሌላው ጭንቀት፣ በሦስተኛው የመጠጥ ሱስ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በጥናትም ስኪዞፍሬኒያ፣ ባይፖላርና ድባቴ ብዙ ዘረመል እንደሚጋሩ ታይቷል።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ለዘረመል ምርመራ ምራቅ ልካችሁ «የድባቴ ጂን አለብህ» የሚል ውጤት ከመጣላችሁ አትደንግጡ። የድባቴ ጂን የሚባል አንድ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሴሮቶኒን ከሚባለው የአንጎል ኬሚካል ጋር የተያያዘን አንድ ጂን ከመከራና ከድባቴ ጋር ያያያዘ ጥናት ወጥቶ ዓለምን አነጋግሮ ነበር፤ በ2019 በብዙ መቶ ሺህ ሰዎች መረጃ ሲፈተሽ ግን አልጸናም። ከእነዚህ ህመሞች ጀርባ ያሉት እያንዳንዳቸው ቅንጣት ታህል የሚያበረክቱ በሺዎች የሚቆጠሩ የዘረመል ልዩነቶች ናቸው። የአክስቴ ሦስት ስኒ ቡና ከዚያ ምርመራ ይበልጣል፣ ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው።

የልጅን ተፈጥሮ ማወቅና ቤቱን በልኩ ማድረግ

አንድ የመዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ያየሁት ነገር አለ። የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ነው፣ የአባቱን ሱሪ በሁለት እጁ ጨምድዷል። አባትየው ከአስተማሪዋ ጋር እየሳቀ «ይሄ ልጅ ፈሪ ነው፣ እናቱን ነው የመሰለው» ይላል። ልጁ ሰማ። ጭብጡን አጠበቀ። አስተማሪዋ ግን ተንበርክካ «ያ ቢጫ መኪና የማን ነው?» አለችው፣ እጁን ሳትነካ፣ ዓይኑንም አፍጥጣ ሳታይ። ዝም አለ። እሷም ዝም ብላ ጠበቀች። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ አንድ እጁን ፈታ።

ያ ልጅ ሲወለድ ጀምሮ እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ጄሮም ካጋን የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ሕፃናትን ከአራት ወራቸው ጀምረው ሲከታተሉ ከአምስቱ አንዱ ገደማ አዲስ ድምፅና አዲስ ነገር ሲቀርብለት እጅ እግሩን እያወናጨፈ እንደሚያለቅስ አዩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሲያድጉ ቁጥብ ሆኑ። እስከ መጨረሻው በጣም ፈሪ ሆነው የቀሩት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ልጃቸውን ከሚያስፈራው ነገር ሁሉ የሚያሸሹ ወላጆች ፍርሃቱን ያጸኑታል፤ በርኅራኄ ግን በትንሽ በትንሹ የሚያስጠጉት ይቀንሱታል።

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ኒው ዮርክ ውስጥ ባልና ሚስቱ ሐኪሞች አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ ከመቶ በላይ ልጆችን ከሕፃንነት እስከ ጉልምስና ተከታትለው ነበር። ካገኙት ሁሉ ለኔ የሚበልጠው ይህ ነው፦ ልጅን የሚጎዳው ተፈጥሮው ለብቻው አይደለም፤ ተፈጥሮውና ቤቱ አለመገጣጠማቸው ነው። ቀስ ብሎ የሚሞቅ ልጅ የሚቸኩል ቤት ውስጥ ይታመማል። ያው ልጅ ታጋሽ ቤት ቢያገኝ ዝምተኛ ግን ደህና ሰው ይወጣዋል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ለሁለት ሳምንት ልጃችሁን ሳትመክሩ፣ ሳታርሙ ብቻ ተመልከቱ። እንግዳ ሲመጣ ምን ያደርጋል? ሲቆጣ ለመብረድ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ከጨዋታ ወደ ምሳ ሲጠራ ይነሣል ወይስ ይጮሃል? ከፍተኛ ድምፅ፣ የሹራብ ክር፣ የወጥ ሽታ ያስጨንቀዋል? ጻፉት። ከዚያ ስለራሳችሁም ያንኑ ጻፉ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ስታደርጉ ብዙ ጊዜ ጠቡ የት እንደሚጀምር ይታያል።

ቁጥብ ለሆነው ልጅ፣ ሠርግ ቤት ከሰው ሁሉ ቀድማችሁ ድረሱ፣ ሰዉ ቀስ በቀስ ይሙላበት። እንግዳን ሳም ብላችሁ አትግፉት፣ መጀመሪያ ከሩቅ እጁን ያውለብልብ። እሱ እየሰማ «ዓይናፋር ነው» አትበሉ። ግን ከጓዳ እንዲደበቅም አትፍቀዱለት፣ ዳቦውን ይዞ ለእንግዳ ያድርስ። በቶሎ ለሚቆጣው ልጅ ደግሞ ከለውጥ በፊት አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ ንገሩት፣ በቀን ሮጦ የሚደክምበት ጊዜ ይኑረው፣ ሕጉ ጥቂት ሆኖ ግን የማይቀየር ይሁን። ዱላ ይህን ልጅ አያበርደውም። መመታት ልጅን ይበልጥ ተደባዳቢ እንደሚያደርገው በተደጋጋሚ ታይቷል፣ ይበልጥ የሚጎዳውም ቁጡ ሆኖ የተፈጠረውን ነው፤ ምክንያቱም ብዙ የሚመታው እሱ ነው። የልጁ ጠባይ ወላጁን ያናድዳል፣ የወላጁ ንዴት የልጁን ጠባይ ያከፋል፣ እንዲህ ሲሽከረከር ዘሩ የቱ፣ አስተዳደጉ የቱ እንደሆነ መለየት ያቅታል።

«ሁለቱንም እኩል ነው ያሳደግኳቸው፣ ይሄኛው ከየት መጣ?» የሚሉ እናቶች አሉ። መልሱ፣ አንድ ቤት ለሁለት ልጅ አንድ ቤት አይደለም። ታላቁ የተወለደው አባትየው ሥራ በሌለው ጊዜ ነው፣ ታናሹ ቤት ከተሠራ በኋላ። አንዱ የተቆጣ ፊት ሲያይ ሌሊቱን ያስበዋል፣ ሌላው ወዲያው ይረሳዋል። በሚኒሶታ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ተለያይተው ያደጉ መንታዎች ሲጠኑ፣ ከአንድ እንቁላል የወጡት በባህርይ አብረው ያደጉትን ያህል ይመሳሰሉ ነበር። በአንድ ቤት ያደጉ፣ በደም የማይዛመዱ ልጆች ደግሞ አድገው በባህርይ ብዙም አይመሳሰሉም። ይህን ይዘው «እንግዲያው አስተዳደግ ዋጋ የለውም» የሚሉ አሉ። አልስማማም። እነዚያ ጥናቶች በአብዛኛው ያዩት ልጅ በልቶ በሚያድርባቸው፣ በሚታቀፍባቸው ቤቶች ነው። ቤቱ ከዚያ በታች ሲወርድ ምን እንደሚሆን ሩማንያ ታይቷል። የቻውሼስኩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ ሲወድቅ ከመቶ ሺህ በላይ ልጆች በማሳደጊያ ነበሩ፣ በልተው የሚያድሩ ግን የሚያቅፋቸው የሌለ። በኋላ ተመራማሪዎች ቡካሬስት ውስጥ 136 ሕፃናትን መርጠው ግማሾቹን በዕጣ ለአሳዳጊ ቤተሰቦች ሰጡ። ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ ዕድገትም ከሰው ጋር በመቀራረብም ተሻሉ፣ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት። ዘራቸው አልተቀየረም። የተቀየረው አቃፊው ነው።

መቀየር የሚቻለው ላይ መሥራት

ወረቀታችሁ ላይ ህመም ካለ እነዚህን አጥብቁ፤ ከሌለም አይጎዱም።

እርግዝናና ወሊድ። የእናት ርሃብ ለልጅ አእምሮ ይተርፋል፤ ሆላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት በረሃቡ ጫፍ ላይ የተጸነሱ ልጆች አድገው ስኪዞፍሬኒያ የያዛቸው ከሌላው እጥፍ ያህል ነበር። ምጥ ሲረዝም ሕፃኑ አየር ሊያጥረው ስለሚችል ጤና ተቋም መውለድ የአእምሮ ጤና ጉዳይም ነው። አዮዲን ያለበት ጨው ተጠቀሙ። አራስ እናት ከሁለት ሳምንት በላይ ካለቀሰች «ያልፍላታል» ብላችሁ አትተዉአት፣ እናቷ ወይም እህቷ ታማ ከነበረ ደግሞ ቀድማችሁ ተዘጋጁ።

እንቅልፍ። በባይፖላር ቤት ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ሁለት ሦስት ሌሊት ሳይተኙ ማደር ብቻውን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ወንድሜ አሁን ለሠርግም ለለቅሶም አያድርም፣ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይቀየመውም።

ጫት። ውስጡ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው። ተማሪው ለፈተና ይቅማል፣ ምርቃናው እንቅልፍ ይነሣዋል፣ ለጨብሲ ይጠጣል፣ ሳምንቱን እንደዚያ ይገፋዋል። ዶርም ውስጥ ስድስት ልጆች አብረው ቅመው አምስቱ ምንም ሳይሆኑ ስድስተኛው ሊታመም ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ ታሪክ ያለበት ልጅ ስድስተኛው እንዳይሆን ነው የምፈራው። ሐሺሽም እንዲሁ ነው፣ በተለይ በአሥራዎቹ ዕድሜ፤ አንጎል ሃያዎቹ አጋማሽ እስኪደርስ ገና እየተሠራ ነው። ለእንዲህ ያለ ልጅ «ጫት ኃጢአት ነው» ብቻ አትበሉት፣ ወረቀቱን አሳዩት።

ስደት። ከአገር መውጣት ራሱ ለከባድ የአእምሮ ህመም ተጋላጭነትን እንደሚጨምር አውሮፓ ውስጥ ተደጋግሞ ታይቷል። ዓረብ አገር ቤት ሠራተኛ ሆና የምትሄድ ልጅ ደግሞ እንቅልፍ ማጣት፣ ብቸኝነትና አንዳንዴም በደል አንድ ላይ ይጠብቋታል። ቤታችሁ ታሪክ ካለ ከመሄዷ በፊት ሳትደብቁ ንገሯት፣ በየሳምንቱ የምትደውልበት ቀን ይኑር፣ ድምፅዋ ሲቀየር የሚያውቅ አንድ ሰው ይመደብ። ተመልሳ ስትመጣ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ከማለት በፊት አስተኟት፣ አብሏት።

አንድ ሰው። በከባድ ቤት አድገው ደህና በወጡ ልጆች ሕይወት ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኘው ይህ ነው፦ የማይለወጥ አንድ ትልቅ ሰው። አያት፣ አስተማሪ፣ የንስሐ አባት፣ ጎረቤት። ለአንድ የወንድም ልጅ ያ ሰው መሆን ትችላላችሁ፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

ምልክት ሲታይ

ከጓደኛ መራቅ፣ የትምህርት ውጤት በድንገት መውደቅ፣ ሌሊቱን መንቃት፣ ሰው ስለኔ ያወራል ማለት፣ ራስን መጣል። እነዚህ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ በአንዳንድ ቦታ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ አለ፣ ካልቻለ ወደ ሆስፒታል ይልካችኋል። አዲስ አበባ አማኑኤል አለ። ስሙ ብቻ የሚያስፈራቸው ሰዎች አሉ፣ እናቴም ከእነሱ አንዷ ነበረች፤ በር ላይ ስትደርስ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እንደኛው የተጨነቀ እናትና ወንድም መሆኑን አይታ ነው የረጋችው። ስለ መሞት የሚያወራ ሰው ካለ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ብቻውን አትተዉት፣ ገመዱን፣ መርዙን፣ ክኒኑን ከቤት አውጡ፣ በዚያው ቀን ውሰዱት።

ፀበል የሚሄድ ይሂድ። መድኃኒቱን ግን አታስቁሙት። ወንድሜ ሁለቱንም ይዟል፣ ክኒኑን የሚውጠው በፀበሉ ነው፣ የንስሐ አባታችንም ሐኪሙም ይህን ያውቃሉ።

ለልጆች መንገር

እኔ እንደማስበው አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመት ጥሩ ጊዜ ነው፣ ጫቱና ማደሩ ከመምጣቱ በፊት። ቁጭ አድርጎ እንደ ፍርድ ማንበብ ሳይሆን፣ በሥራ መሀል።

የእህቴ ልጅ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ባለፈው ምስር እየለቀምን ወረቀቱን አሳየኋት። የበሬውን ታሪክ ወደደችው። ከዚያ ዝም አለችና «እኔም እታመማለሁ?» አለችኝ። አልዋሸኋትም። «እናቱ ወይም አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመ ሰው እንኳ ከመቶ ዘጠናው ገደማ በዚህ ህመም አይያዝም። ያንቺ ደግሞ አጎት ነው፣ ከዚያም ያነሰ ነው። ግን ከሌላው ሰው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ እንቅልፍሽን ጠብቂ፣ ጫት አትንኪ፣ ልብሽ ሲከፋ ደግሞ ለኔ ንገሪኝ» አልኳት። «እሺ» አለች። ከወረቀቱ ግርጌ ከእናቷ ስም ሥር ባዶ ክብ ትቼ ነበር። እርሳሱን ወሰደችና «እኔ» ብላ ጻፈችበት፣ የተወለደችበትንም ዓመት ጨመረች። ከዚያ ወደ ምስሩ ተመለስን።